በሰኔ ሚካኤል የደወልሁት

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እኅቴ አቻምየለሽ ከፈተች፤ ቄስ ባምላኩ ቀደሙ፣ ጎረቤቶች ተከናንበው ተከተሏቸው። እንዴት አደርሽ ያለኝ የለም።

ገባኝ። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣን ሰው አብልተው፣ አስተኝተው፣ ጎሕ ሲቀድ ነው መርዶ የሚነግሩት።

«ተነሽ ልጄ፣ ነጠላሽን ልበሽ» አሉ ቄሱ። «ከሞት የሚቀር የለም። አባትሽ ካረፉ አምስት ወር አለፋቸው።»

ትናንት ከፍኖተ ሰላም መንደራችን ገበዝ ማርያም ስደርስ አቻምየለሽ «አባየ ለአጨዳ ቆላ ወርደዋል» ብላኝ ነበር። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ለአጨዳ! ማመኑ ስለሚሻለኝ አመንሁ።

ደቡብ ዋልታ ላይ ከቴሌስኮፕ ጋር ከረምሁ። ከአገሬ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነሽ ተብዬ በሬዲዮ ተወርቶልኛል። እዚያ ሌሊቱ ስድስት ወር ነው፤ አባየ በደወልሁ ቁጥር «ዛሬስ ነጋላችሁ?» ይሉኝ ነበር። ከየካቲት እስከ ጥቅምት አውሮፕላን ስለማይመጣ፣ ስሄድ አቻምየለሽን በማርያም አስማልኋት፤ ክፉ ነገር ቢመጣ እስክመለስ እንዳትነግረኝ። የራሴን ሐዘን ብቻ ፈራሁ። የእሷን ማን ይሸከመዋል ብዬ አልጠየቅሁም።

«መቼ ነው?» አልሁ ለቅሶው ረገብ ሲል።

«በሰኔ ሚካኤል ቀበርናቸው» አሉ ቄሱ።

የዚያን ዕለት ደውዬ ነበር። ሽፋሽፍቴ በበረዶ ተጣብቆ፣ ጓደኛዬ እጄን ይዞ እንደ ዕውር ለማኝ ሲመራኝ እንደዋለ ለአቻምየለሽ አወራኋት። ከት ብላ ሳቀች። አባየስ ብላት «ቤተ ክርስቲያን ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ማሳ ናቸው፣ ገበያ ናቸው ነበር መልሷ።

ወደ እሷ ዞርሁ። «የዚያን ቀን ስቀሽልኝ ነበር እኮ።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ለቅሶው እንዳይሰማሽ ብየ ከጎተራው ኋላ ዙሬ ነው ያነጋገርሁሽ። ዝም ብልሽ ትጠረጥሪ ነበር፤ ሳቅሁ። ለቀስተኛው ሳቄን ሰማው። እንዲህና እንዲያ ነው ብልም ያመነኝ ጥቂት ነው። ባባቷ ቀብር የሳቀች እያሉ እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ አሉ።»

ምን ብዬ ይቅር በይኝ ልበላት?

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈውኝ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉኛል። አቻምየለሽ መደቡ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።