እትዬ ጭልፋ ከመስኮቱ ማዶ

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለ የጤና ቢሮው ሰው፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እትዬ ጭልፋ እየገፋ። «ቀዶ ጥገናው እንደተሠራ ወደ ድስትዎ ይመለሳሉ።»

እትዬ ጭልፋ ወረቀቱን አልነኩም። ስሙን ያወጡላቸው የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው፤ ሃያ ዓመት ምሳቸውን የቀቀሉት እሳቸው ናቸውና። ከረባት አስሮ አጠገባቸው የተቀመጠው ዳይሬክተር ሳይቀር በልጅነቱ ሁለት ጊዜ እየተሰለፈ ከእጃቸው የበላ ሆዳም ነበር።

በዓመቱ መጀመሪያ ሦስት ልጆች በታይፎይድ ተኝተው ተነሡ። ውሃው ተመረመረ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተመረመረ። በሽታው የተገኘው አንድ ቀን እንኳ ታመው በማያውቁት በእትዬ ጭልፋ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው። ሁለት ዙር መድኃኒት ዋጡ፤ ንቅንቅ አላለም። የቀረው ከረጢቱን ቆርጦ ማውጣት ነው።

«እትዬ፣ ቀላል ነው ይላሉ እኮ» አለ ዳይሬክተሩ። «ረዳትዎ የምትሠራው ሾርባ ግማሹ እየተደፋ ነው። ለልጆቹ ሲሉ እንኳ...»

«ለልጆቹ ስል አይደል አራት ወር እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩት? ውጤቱን በሰማሁ ቀን ሽርጤን ራሴ ነኝ የፈታሁት። ማንም አላስገደደኝም።»

የጤና ቢሮው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ግራ ነው የገባው። «ታዲያ አሁን ምን ያስፈራዎታል? የሕዝብ ጤና ነው።»

«ፈራሁ አላልኩም ልጄ። ድስቱ የሕዝብ ነው፤ ጠብቁት፤ እኔም አብሬ እጠብቃለሁ። ሆዴ ግን የራሴ ነው። ቢላዋ ይግባበት ካልኩ እኔ እላለሁ፤ እንጀራዬን ላለማጣት ብዬ ግን አልታረድም።»

«እንግዲያው ወጥ ቤት መግባት አይችሉም።»

«ማን እገባለሁ አለ?» ብለው ተነሡ።

ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። ሁለቱ ወንዶች ምን ሊያደርጉ ይሆን ብለው ተከተሏቸው። እትዬ ጭልፋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት እርምጃ ርቀው ቆሙና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ረዳታቸው ከትልቁ ድስት ላይ ቀና ብላ ስታያቸው ዕንባዋ መጣ።

«ማልቀሱን ተይና እሳቱን ቀንሺ» አሏት። «ስሚው፤ እየተንጫጫ ነው። ገና ነው ማለት ነው። ማጉረምረም ሲጀምር ድንቹን ትጨምሪያለሽ።»

ረዳቷ እሳቱን ቀነሰች። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች፤ ሲያጉረመርም ድንቹን ጨመረች። እትዬ ጭልፋ በደስታ አንገታቸውን አቀኑ። አራት ወር ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠው ሙያቸው ያለው እጃቸው ላይ መስሏቸው ነበር። ለካ ሙያ በልብ ነው።

ሽታው ግቢውን ሞላው። ደወል ሊደወል ሲል ረዳቷ ጭልፋውን በመስኮቱ ዘረጋችላቸው። «ይቅመሱልኝ፣ እትዬ።»

«አንቺ ቅመሺው።»

ቀመሰች፤ ግንባሯን ቋጠረች። «ውይ፣ ጨው ረስቻለሁ» ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች።

እትዬ ጭልፋ ጨው አለመግባቱን ቀድመው አይተዋል፤ ዝም ብለው ነበር የጠበቁት።