የመምህሩ ኮምፒውተር

ከሐምሌ ጀምሮ ውስጥ እግሩን ቢገርፉትም የጓደኞቹ ስም ከመምህሩ አፍ አልወጣም። ኮምፒውተሩም ቢሆን አልተናገረም። ሊይዙት በሩን ሲደበድቡ መምህሩ በጥድፊያ ፋይል አጠፋለሁ ብሎ፣ በስህተት የሲስተም ፋይሎቹን ስለደመሰሰ አሮጌው ማሽን አልነሳም ብሎ ቀርቷል።

አንድ ጠዋት መርማሪው ጅራፉን ትቶ መጣ። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳቀ።

«ባለሙያዎቻችን ሞቷል ብለውታል። የገዛ ማሽኑን እንዲህ የሚገድል መሃይም ብቻ ነው አሉ። ለመሆኑ ኮምፒውተር የምታስተምረው አንተ ነህ?»

«አልሞተም» አለ መምህሩ።

«ተወው እባክህ። ዲግሪህን ከየትኛው ጉሊት ነው የገዛኸው?»

የመምህሩ ደም ፈላ። በተማሪነቱ ዘመን እንኳ ተሳስተሃል ያለውን ሁሉ ሳይረታ የማይተኛ ሰው ነበር።

«የዊንዶውስ ሲዲ አምጣ።»

ሲዲው መጣ። ባበጡ ጣቶቹ ቁልፎቹን እየነካካ የጠፉትን ፋይሎች ወደየቦታቸው ይመልስ ጀመር። «ይህቺ ናት ባለሙያ ተብዬዎችህን ያቃተቻቸው?» እያለ እያንዳንዱን እርምጃ ያስረዳል። መርማሪው አገጩን ደግፎ እንደ ጨዋ ተማሪ ያዳምጣል።

ማሽኑ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ በራ።

«ሞተ ያላችሁት ይኸው ተነሳ» አለ መምህሩ፣ በድል ቀና ብሎ።

ስክሪኑን የሞላው ፎቶ ላይ አምስት ወጣቶች መምህሩን መሃል አድርገው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይስቃሉ።

መርማሪው ከወንበሩ ተነሳ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር። በእርግጥም አዋቂ ነዎት» አለና ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ አነሳው።