ወንበሩ ክንድ ላይ የታሰረው ሰዓት

ሶፋ አዳሿ ሴትዮ ከጠዋት ጀምራ የወንበሮችን አሮጌ ልብስ ስትገፍፍና ሚስማር ስትነቅል ውላ፣ እጇ ላይ ያለውን ርካሽ ሰዓት ብታየው «ጥሩ እንቅልፍ ተኝተዋል» አላት። ደሟ ፈላ። እርምጃና የልብ ምት ይቆጥራል ብሎ ያመጣላት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወርክሾፑ በር ላይ ብቅ እንዳለ ተቀበለችው።

«ና ወዲህ፣ አንተ ቀጣፊ! ይሄን ኮተት ነው ለጤናሽ ያልከኝ?»

«እትዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ አላሰርሽው ይሆናል።»

«ጠበቅ? ጠበቅ አድርጌ ላሳይህ!»

ሰዓቱን ከእጇ ፈትታ፣ ገና ልብሱ ያልተገፈፈ አንድ አሮጌ ወንበር ክንድ ላይ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። የሰዓቱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና የልብ ምት ሰባ ብሎ አወጣ።

«ይኸው! ለእንጨትም ልብ ሰጠልህ!»

ወጣቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ይባስ አበገናት። የመተርተሪያ ቢላዋውን አንስታ ወደ ወንበሩ ስታስጠጋ ቁጥሩ መቶ አስር ገባ። ስፌቱን ስትነካው መቶ ስልሳ።

«እትዬ፣ ተይው በቃ» አለ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

«ዝም በል! የተበላሸ ዕቃ ነው!»

ቢላዋውን ከወንበሩ አራቀችው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወርዶ ሰባ ላይ ረጋ። እንደገና አስጠጋችው። መቶ ስልሳ።

አፏ ለስድብ እንደተከፈተ ቀረ። ከጀርባዋ፣ ጠዋት ልብሳቸውን ገፍፋ ግድግዳ ስር የደረደረቻቸው ወንበሮች አሉ። ዞር ብላ ልታያቸው ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አላት።