የአባት ድርሻ

ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሰጥቶ አሰናበተው። ገንዘቡ ባንክ ተቀመጠ፤ እሱ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ሥራ ፈቱ።

የሚስቱ ወንድም የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር ሲያይ ያመዋል። አንድ እሁድ መጣና ምርጫዎቹን ዘረዘረላቸው።

«ጋሼ፣ ሲጋራ ፋብሪካው አክሲዮን እየሸጠ ነው።»

«የስንቱን ሳንባ በልቶ! ተወው» አለ ሾፌሩ።

«ቢራውስ?»

«ስንቴ በሰካራም ልገጭ ነበር መሰለህ። እሱንም ተወው።»

«እንግዲህ ትርፍ ከተባለ የውርርድ ቤቱን የሚያህል የለም።»

እህቱ፣ የሾፌሩ ሚስት፣ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አፈጠጠችበት። ምን ነካው ሰውዬው? ማሙሽን ረሳው እንዴ?

ማሙሽ ልጃቸው ነው። ጢም አውጥቶ፣ ጋራዥ ተቀጥሮም ማሙሽ መባሉ አልቀረለትም። ደመወዙን የተቀበለ ዕለት በቀጥታ ውርርድ ቤት ገብቶ ባዶ ኪሱን ይመለሳል። ስልኩን ሸጧል፣ የእህቱን ላፕቶፕ ሸጧል፣ የአባቱን የእጅ ሰዓት ሸጧል። ሁሌ እያለቀሰ «ሁለተኛ አልደግምም» ይላል፤ እናቱም እያለቀሰች የታክሲ ትሰጠዋለች። ከተማው ውስጥ ያሉት ውርርድ ቤቶች በሙሉ የአንድ ድርጅት ናቸው፤ የትም ብትዞር ያ አረንጓዴ ታፔላ አለ። እናትየው በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

«የልጄን ደም የመጠጠ ቤት ትርፍ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል» አለች።

«በቃ፣ ተዘጋ» አለ ሾፌሩ። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ሰልችቶታል።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ደወለላት።

«ጋሼን ትናንት የት አየሁት መሰለሽ? የውርርድ ድርጅቱ ዋና ቢሮ፣ አክሲዮን ሲገዛ! እኔ እንኳ ያን ቀን ከአፌ አመለጠኝ እንጂ ይገዛል ብዬ አይደለም።»

አላመነችም። ከዚያ ግን ባሏ ሰሞኑን የማሙሽን መታወቂያ ኮፒ ሲፈልግ እንደነበር ትዝ አላት። ለካ ወራሽ ሊያደርገው ነው! ልጁን ባጠፋው ቤት ብር ልጁን ሊያወርስ! ጉድ እኮ ነው።

ሾፌሩ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስንት ገዛህ?»

«ትንሹን። ከዚያ በታች አይሸጡም።»

«ትንሽስ ቢሆን! ሲጋራውን ንቀህ፣ ቢራውን ንቀህ፣ የገዛ ልጅህን በቁሙ የቀበረውን መረጥክ? አንተን ብሎ አባት!»

ሾፌሩ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

«ደክሞኛል፣ አንቺ ሴት። የወሩ መጨረሻ ይድረስና እናያለን።»

«ትርፉን ነው የምናየው?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ማስረዳት ድሮም አይሆንለትም፤ ደግሞ እሷ የሰማችውን ማሙሽ ሳይሰማው አያድርም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቡን አቅርባለት ዞር ትላለች። እሷም ደክሟታል። አንዱን ለመመለስ ስትታገል ሌላው አመለጣት። በዚህ ዕድሜዋ ለፍቺ ዳኛ ፊት መቆሙ አሳፈራት እንጂ፣ ልቧስ ከቤቱ ወጥቷል።

የደመወዝ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃኬቷን ደርባ ወጣች። ማሙሽን ጎትታ ልታመጣው ነው፤ ከእሷ ሌላ ማን አለው? ውርርድ ቤቱ አጠገብ ስትደርስ ባሏን ከመንገዱ ማዶ አየችው። ግንብ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። «ንብረቱን ሊጠብቅ መጥቷላ!» አለች በልቧ።

ማሙሽ የደመወዙን ፖስታ ኪሱ ውስጥ ይዞ እየተጣደፈ መጣ። «ማሙሽ!» ብላ ጮኸች፤ አልዞረላትም። ዘበኛው በሩ ላይ አስቁሞ ሙሉ ስሙን ጠየቀው፣ ወደ ውስጥ ገብቶም ተመለሰ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የባለአክሲዮን ቤተሰብ መወራረድ አይፈቀድለትም፤ በየትኛውም ቅርንጫፋችን።»