ያልተነካ መኪና

የዘመኑ መኪና እንደ ሰው ገላ ቁስሉን ራሱ ያሽራል። ባለቤቱ የጨመረበትን ነገር ግን “ተመለስ” እስኪባል ድረስ ታግሶ ይሸከማል። ገበያ ላይ ደግሞ የተነካካ መኪና ግማሽ ዋጋውን እንኳ አያወጣም።

ደምመላሽ መኪናውን የነካካው ለሚስቱ ብሎ ነው። ትርንጎ ወገቧ ከከዳት ወዲህ ሰው ሳይደግፋት ቀና ብላ የምትቀመጠው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። በሩ ላይ መጨበጫ በየደላት፤ ዝቅ ያለ ወንበር ገጠመላት፤ ደረቷን የሚይዝ ቀበቶም አሰፋላት። አሁን ግን ለመድኃኒቷ ሲባል መሸጡ ግድ ሆነ።

ደላላው ሸዋፈራሁ ገዢ ይዞ ሲመጣ ትርንጎ፣ “ዋጋው ሳይቆረጥ አልወርድም” ብላ መኪናው ውስጥ ቀረች።

ገዢው መጨበጫውን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። “እንዲህ ሆኖማ አልገዛውም።”

“ኧረ ችግር የለም፣ ይመለሳል” አለ ሸዋፈራሁ። ደምመላሽ “ቆይ፣ መጀመሪያ ላውርዳት” እያለው፣ ደላላው እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ “ተመለስ” አለ።

መኪናው ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። መጨበጫው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ወንበሩን ከነትርንጎ አውጥቶ አቧራው ላይ አስቀመጠው። በቦታው አዲስ ወንበር በቀለ።

ገዢው በሩን በመዳፉ ዳበሰ። “አሁን ያልተነካ ነው” አለ። ዋጋው ተቆረጠ፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ወንበሩ ብቻውን አይቆምም ነበርና ደምመላሽ ከኋላ ደግፎ ያዘው። በሌላ እጁ ቀበቶዋን ሊፈታላት ሲል ትርንጎ እጁን ያዘችው።

“ተወው” አለች። “መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ልቀመጥ።”