የደሞዝ ድምፃዊት

«ሁሉም ይሁንልህ፤ ዘፋኙ ግን ማን ነው?» ይል ነበር አንደኛው። ሌላኛው ምን ብሎ እንደመለሰለት ጠፍቶብኛል፤ ስለ አንድ የሞተ ክራር መቺ ነበር መሰለኝ። ወጣት ሳለሁ፣ ከዘጌ በምትመለስ ጀልባ ላይ ነው። ሁለት የማላውቃቸው ጎልማሶች የሞቱትንም ያሉትንም ሙዚቀኞች ቀላቅለው በወሬ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ የተኛሁ መስዬ ሳዳምጥ መጣሁ። ባሕር ዳር ስንደርስ ገና ዘፋኙ ላይ አልተስማሙም ነበር።

ጨዋታውን ለጓደኞቼ ለደሞዝና ለፍሬ ስብሐት ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ተጫወትነው።

ዛሬ ደሞዝ ጓሮው ውስጥ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ፍራሽ ተነጥፎለት ተኝቷል። ጣና ከዚያ ይታየዋል። የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረበት ዳርቻ ከአጥሩ ብዙም አይርቅም፤ አሁን ግን ሰው ካልተሸከመው አይደርስበትም። ጉበቱ ነው። ሐኪሞቹ «ቤቱ ይሁን» ካሉ ወዲህ፣ ሚስቱን የብርጓልን ስለ ሕመሙ ምንም ሳንጠይቅ እንመላለሳለን።

«ማሲንቆውን ለመራዊው አዝማሪ» ይላል ደሞዝ፣ ጨዋታችንን ሲጀምር።

«ይሁን» ይላል ፍሬ ስብሐት።

«ሳክስፎኑን ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ለወጣው ለወልደ ገብርኤል።»

«ጥሩ ነው።»

ደሞዝ አንገቱን አዙሮ ያየናል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ፍሬ ስብሐት የወልደ ገብርኤል ስም በተነሣ ቁጥር ዕድሜውን ሙሉ ሲናደድ የኖረ ሰው ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው የማትከራከሩኝ? ሞትሁ እንዴ?»

ፍሬ ስብሐት ጫማውን ያያል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ያ ሰውዬ ሳክስፎን አይደለም፣ ጎማ ነው የሚነፋ» ይላል።

ደሞዝ ይስቃል፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጥበታል። ትራሱን ከፍ አደርግለታለሁ። «እንደሱ ነው እንጂ» ይላል፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

ቤዝ ጊታሩ ላይ እኔም እገባበታለሁ። ኖታ አላውቅም፤ የማውቀው ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ አንዱን መሣሪያ ከሌላው ለይቶ መስማት ብቻ ነው። ለአንድ የዱርቤቴ ልጅ እሟገታለሁ፣ እሸነፋለሁ። ደስ ይለኛል።

«ዘፋኝ ቀረ» ይላል ፍሬ ስብሐት።

«እትዬ እናትዓለም» ይላል ደሞዝ።

እትዬ እናትዓለም ጎረቤቱ ናቸው፤ ከይፋግ የመጡ አልቃሽ። ለቅሶ ቤት ቆመው የሟችን ስም ሲያነሡ፣ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያነባል። ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የእሳቸውን የሚበልጥ አላውቅም። በጨዋታችን ግን ስማቸውን አንሥተን አናውቅም፤ የእሳቸው ዜማ ሟች ከሌለ የለም። በታመመ ሰው ራስጌ ደግሞ የአልቃሽ ስም አይጠራም።

«እሳቸውማ ለባንድ አይሆኑም» ይላል ፍሬ ስብሐት ቶሎ ብሎ። «ስንት ዘፋኝ ሞልቶ።»

«ተከራከረኝ አልሁህ እንጂ ዋሸኝ አልሁህ?»

«ደግሞም ትተውታል» እላለሁ እኔ። «ታውቃለህ።»

ልጃቸው ምሥጋና የሞተ ጊዜ፣ መሐል ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፤ አንዲት ስንኝ አልወጣ አለቻቸው። ሌሎች አለቀሱላቸው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይመለሳሉ። «ለልጄ ያልወጣ ቃል ለሰው አይወጣም» ብለዋል።

የብርጓል ከማድ ቤቱ በር ሆና ስትሰማን ቆይታለች። ትቆጣናለች ብዬ እጠብቃለሁ። እጇን በቀሚሷ ታደርቅና በአጥሩ በር ትወጣለች።

እትዬ እናትዓለም ጠበል የሞላ ሃይላንድ ይዘው ከየብርጓል ጋር ይመጣሉ፤ ለዚያ የተጠሩ መስሏቸዋል። ሊያጠጡት ጎንበስ ሲሉ ደሞዝ እጃቸውን ይይዛል።

«እትዬ፣ ባንድ አቋቁመናል። ዘፋኝ ጎደለን።»

«እኔን አሮጊቷን? በየት ወገቤ ልውረግረግላችሁ?»

እንስቃለን። ደሞዝ አይስቅም፤ እጃቸውንም አይለቅም።

«የእኔ ጊዜ ጥግ እንዳይቀመጡ።»

ሃይላንዱን ሣሩ ላይ ያኖሩታል። «እንዲህ አይባልም፣ ልጄ። እግዜር አለ።»

«እግዜርማ አለ። እሱ ከወሰነ ነው የምለው።»

«አፌ ተይዟል፤ ደሞዝ። የልጄን ጊዜ አይተሃል።»

«አይቻለሁ። እርስዎ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ የሟቹን ዘመዶች ጥግ ይዘው ይጠይቃሉ፤ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይታወቃል፣ ማንን ጥሎ ሄደ። ቃሉ ከዚያ ነው የሚመጣ። የምሥጋና ጊዜ ማንን ይጠይቁ? ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለ።» ትንፋሹን ይሰበስባል። «እኔ አለሁ። እኔኑ ይጠይቁኝ።»

ፍሬ ስብሐት ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፣ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። አንዲት ታንኳ ደንገል ጭና በዳርቻው ታልፋለች።

እትዬ እናትዓለም መሬት ላይ፣ ከፍራሹ ጥግ ይቀመጣሉ። የብርጓልን ያይዋታል። እሷ በእሺታ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

«በሙሾው የማነሣው የፈረስ ስም አለህ?»

«የሞተር ጠጋኝ ምን ፈረስ አለው፣ እትዬ።»

«የለውማ» ይላሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ መልሰው ያጥፉታል።

«እሺ» ይላሉ በመጨረሻ። «እቆምልሃለሁ። በል ንገረኝ፤ እናትህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?»