ቀይ ጫማ ለቅዳሜ

ጫማ ሰፊው ሰውን የሚያውቀው ከእግሩ ነው። ፊት የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ «ደህና ዋሉ» ሲል ብቻ ነው። ደንበኞቹን ባዶ እግራቸውን መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ሰላም ሳይል ማለፉ አይቀርም።

ሚስቱ የጥንድ ዳንስ ትወዳለች። እሱ አይችልም። በሠርጋቸው ዕለት፣ በገዛ እጁ በሰፋው ጥቁር ጫማ አራት ጊዜ ረገጣት፤ በአምስተኛው ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ። ጫማው ራሱ የችኮላ ሥራ ነበር፤ በግራው ተረከዝ ላይ ሦስት ስፌቶች ተጣመው ቀርተዋል። በማግስቱ ሳጥን ውስጥ ከትቶ አልጋ ስር ገፋው፤ ከዚያ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም።

የዛሬ ዓመት ሚስቱ የዳንስ ትምህርት ስትጀምር አብረን እንሂድ ብላው ነበር።

«ወንድ አስተማሪ ወገቤን ይዞ ሲያሽከረክረኝ ልታዪ ነው?» አላት። «ሌላ ሴት ታስተምርህ ካልሽ ደግሞ አንቺው ራስሽ አትወጂውም።»

ሳቀችና ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥቁር ሱሪዋን ለብሳ፣ ትልቁን ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች።

ዘንድሮ ከተጋቡ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጫማ ሰፊው ስጦታ ፍለጋ ወደ አንድ የዳንስ ዕቃ መሸጫ ገባ። ሻጯ ማራገቢያ አሳየችው፣ የላብ ፎጣ አሳየችው፣ ተቃቅፈው የሚዞሩ ጥንዶች ያሉበት የሙዚቃ ሳጥን ሳይቀር አሳየችው።

«ጫማስ?» አላት።

«ጫማማ ዋናው ነው። ወንዱ ወደ ፊት ሲራመድ ሴቷ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ታኮው ጠንካራ መሆን አለበት። ሶሉ ደግሞ ለስላሳ ቆዳ ነው።»

ጫማውን ገልብጦ ስፌቱን አየና ፊቱን አጨፈገገ። ራሱ ቀይ ጫማ ሊሠራላት ወሰነ።

ልኳን ያውቀዋል፣ ሠላሳ ሰባት ነው። ሶሉ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ለማየት ግን የዳንስ ጫማዋን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ገለበጠው። ዓመት ሙሉ ተደነሰበት የተባለው ጫማ፣ የፋብሪካው ማኅተም እንኳ ሶሉ ላይ አልጠፋም።

ነገሩን ለእህቱ አጫወታት። እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ወሬ ከእጇ አይጠፋም።

«ወንድምዬ፣ ጫማው ካላለቀ ዳንሱ የታለ?» አለችው። «እኔ ምንም አላልኩም እንግዲህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማያየውን ማየት ጀመረ። መታጠቢያ ቤት ያለው ጥጥ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ለማን ነው እንዲህ የምትኳኳለው? ቤት ያስቀመጠው ጥቁር የጫማ ቀለምም ቆርቆሮው ታች ደርሷል። አርብ ዕለት ሚስቱ እጇን ስትታጠብ ጥፍሮቿ ስር ጥቁር ነገር አየ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የእሱን ጫማ ጠርጋ የማታውቅ ሴት፣ አሁን የሰው ጫማ ትወለውላለች።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ድስቱን ጥዳ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ወደ ፊት ትራመዳለች። ሴቷ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው ያለችው ሻጭ ትዝ አለችው። አብሯት የሚደንሰውን ሰውዬ እርምጃ በቃሏ ይዛዋለች ማለት ነው። ይህኛው ከሁሉም በላይ አመመው።

«ከማን ጋር ነው የምትደንሺው?» አላት እንደ ዋዛ።

«ከተገኘው ጋር ነዋ» አለች ድስቱን እያማሰለች። «ደግሞ ስጦታ ምናምን ብለህ አትድከም። የእኔ ላንተ ዝግጁ ነው፤ ዓመት ሙሉ ነው የለፋሁበት። ቅዳሜ ስመለስ እነግርሃለሁ።»

ዓመት ሙሉ የሚፈጅ ምን ነገር አለ? ጫማ ሰፊው ዓመት ሲፈጅ ያየው የጎረቤቱን የፋርማሲስቱን ፍቺ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ቀዩን ጫማ ጨረሰው። ማስቲሹ እስኪደርቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አንድም ስፌት አልተጣመመም። እንዳያጣት ፈርቷል፤ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ጫማውን እዚያው የዳንስ አዳራሹ ውስጥ፣ ሰውዬው ፊት ሊሰጣት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ትምረጥ።

ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ሄደ። የአዳራሹ በር ገርበብ ብሏል። ገባና እንደ ልማዱ ወለሉን አየ። የሚስቱን ጫማ በዓይኑ ፈለገ፤ አጣው።

መሀል ላይ አንድ የብር ቀለም ያለው የሴት ጫማ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከፊቱ ጥቁር የወንድ ጫማ ይመራዋል። መሪው አንድ ጊዜ እንኳ አልረገጣትም። ጫማ ሰፊው ሳይወድ በግዱ ቀናበት። ጥቁሩ ጫማ ዞረና የግራው ተረከዝ ወደ እሱ መጣ።

ሦስት ስፌቶች ተጣመዋል።

የሠርጉ ጫማ ነው። ደሙ ፈላ። ሰውዬው ሚስቱን መውሰዱ አልበቃ ብሎት ይኸው ጫማውንም ወስዶበታል። ስጦታውን በብብቱ ሸጉጦ ደናሾቹን እየገፋ ሄደና ጥቁሩ ጫማ ፊት ቆመ።

«ጫማው የእኔ ነው» አለ፣ አንገቱን እንደ ደፋ። «አውልቅ።»

ሙዚቃው ቀጠለ፤ ጥቁሩ ጫማ ግን ቆመ። ከተረከዙ በኩል ትንሽ ነጭ ጥጥ ብቅ ብሏል።

ዓይኑን ከጫማው ወደ ጥቁሩ ሱሪ፣ ከሱሪው ወደ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ፤ ሚስቱ ነበረች፣ «ስጦታህ ይኸው» ብላ የሚመራው ወንድ እንደሚያደርገው ግራ እጇን ዘርግታለታለች።